ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመንገድ ጥገና ውለታ ሳይሆን መብት ነው

(ፓርቲያችን ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ መራጮች ያቀረበው ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ የቢቸናና የሞጣ፣ የደብረ ወርቅና የፈለገ ብርሃን፣ የመርጡለ ማርያምና የግንደ ወይን፣ የየዕድ ውሃና የቁይ ነዋሪዎች፤

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ይህን ንግግር በጽሑፍ አሳትመን በዚህ መጽሔት ውስጥ ያካተትነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ካለው ሁኔታ የተነሣ አዳራሽ ተሰብስቦ መደማመጥ ለብዙዎቻችሁ አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት፤ የሰማም ለጎረቤቱ ያካፍል። የተስማማችሁበትን ያዙ፤ ያልተስማማችሁበትን ደግሞ ጠይቁን።

ከማኒፌስቷችን ብዙ ርዕሶች መካከል ለእናንተ የመረጥነው የመንገድ ጥገናን ነው። አንዳንዶች «አገር በዚህ ሁሉ ችግር ተይዛ ሳለ ስለ ጉድጓድ ማውራት ምን ይባላል?» ሊሉን ይችላሉ። እኛ ግን ከመንግሥትና ከሕዝብ ግንኙነት ውስጥ የተበላሸውን ነገር ከዚህ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ጉዳይ አላገኘንም።

1. ጉድጓዱ የሚበላው ጎማ ብቻ አይደለም

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በፈለገ ብርሃንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ለምሥራቅ ጎጃም የደም ሥር ነው። በደብረ ማርቆስ ዞሮ ከሚሄደው ይልቅ አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን በአጭሩ የሚያገናኘውም ይኸው መስመር ነው። ጠጠሩ ወደ አስፋልት ሲለወጥ የተደሰተ እንጂ የተከፋ አልነበረም። ዛሬ የምንጠይቀው የተሠራው እንዴት ይጠበቅ የሚለውን ነው።

የተበላሸ መንገድ ምን እንደሚያስከፍል ለእናንተ አንነግራችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ሹፌሩ ጎማና ባሌስትራ ሲለውጥ ወጪውን በታሪፉ ላይ ይጨምራል፤ ተሳፋሪው ይከፍለዋል። የአይሱዙ ባለቤት የጭነት ዋጋ ሲያስወድድ ነጋዴው ከጤፉ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ ገበሬው ይከፍለዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ ዘይትና ሳሙና ላይ ያው ወጪ ይታከላል፤ እንደገና ገበሬው ይከፍለዋል። እንግዲህ ገበሬው ሲሸጥም ሲገዛም ለአንዱ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ይቀጣል ማለት ነው።

በገንዘብ የማይተመንም አለ። ምጥ የያዛት እናት ከቀበሌዋ በቃሬዛ ተነሥታ ዋናው መንገድ ድረስ ከደረሰች በኋላ እንኳ፣ አምቡላንሱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲዘል የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ የእሷና የልጇ ዕድሜ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሆስፒታል ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛም እንደዚሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ በግዴለሽነት የሚናገር ባለሥልጣን ካለ በዚያ መንገድ ላይ የታመመ ሰው ይዞ ተጉዞ የማያውቅ መሆን አለበት።

2. የምንጠይቀው የከፈልነውን ነው

ወገኖቻችን! ብዙ ጊዜ የመንገድ ጥገና ሲነሣ «መንግሥት በጀት ሲያገኝ ይሠራላችኋል» እንባላለን። አንድ ግሬደር ብቅ ካለም እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጠራል፤ ምርጫ ሲቃረብ ከሆነ ደግሞ በጭብጨባ እንድንቀበለው ይጠበቃል። ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ ስሕተት ነው።

በ1989 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። የፈንዱ ዋና የገቢ ምንጭ በነዳጅ ላይ የሚታከል ክፍያ ነው። ዓላማውም መንገድ መጠገንና የመንገድ ደኅንነትን መጠበቅ ነው፤ አዲስ መንገድ ለመሥራት እንኳ የታሰበ አይደለም። ይህም ማለት መኪና የሌለው ሰው ጭምር፣ በሚኒባስ በተሳፈረ ቁጥር፣ እህል በጫነ ቁጥር፣ ወፍጮ ቤት በነዳጅ ሞተር ባስፈጨ ቁጥር ለመንገድ ጥገና ገንዘብ እየከፈለ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ እንዲደፈን ስንጠይቅ እየለመንን አይደለም። ዋጋውን አስቀድመን የከፈልንበትን ዕቃ አምጡልን እያልን ነው።

ከፍሎ ምላሽ ያጣ ሕዝብ ምን እንደሚሰማው የዚህ አገር ሰው ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣና ቢቸና ከጎጃም አመፅ ግንባር ቀደም አካባቢዎች ነበሩ። ለወታደርና ለአውሮፕላን ያልተንበረከከው ገበሬ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ እንዲነሡና መንግሥት በግብሩ ላይ የያዘውን አቋም እንዲያላላ አድርጓል። ያን ታሪክ የምናነሣው ማንንም ለጠመንጃ ለመቀስቀስ አይደለም፤ ጠመንጃስ ይብቃን። የምናነሣው ትምህርቱን ነው፦ አባቶቻችን የጠየቁት «የምንከፍለው ለምንድን ነው? ማንስ ይቆጣጠረዋል?» ብለው ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይሻል፤ መልሱ ግን በድምፅ መስጫ ካርድ መገኘት አለበት።

3. መንገዱ ለምን ይፈርሳል?

ገዥው ፓርቲ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ዝናቡን ይከሳል። ዝናቡ ግን አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ በሰኔ እንደሚገባ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ፓርቲያችን ችግሩን በአራት ከፍሎ ያየዋል።

አንደኛው አፈሩ ነው። የቢቸናና የአካባቢው ሜዳ ለጤፍ የተመቸው ጥቁር መረሬ አፈር፣ ለመንገድ ግን ክፉ ጠላት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ወይ አፈሩን ቆርጦ በገረጋንቲና በድንጋይ መተካት፣ ወይ በኖራ ማከም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ እንዳይደርስበት ማድረግ አለበት። ይህን ሳያደርጉ ከላይ ሬንጅ መቀባት በበሰበሰ ግድግዳ ላይ ኖራ እንደ መለቅለቅ ነው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። ጉድጓድ ከሰማይ አይወርድም። መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይታያል። የመንገዱ ዳር ቦይ በደለል ስለ ተሞላ ውሃው ይተኛበታል፤ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ ከሥር ያለውን ጠጠር ያላላዋል። ከባድ መኪና ሲያልፍበት ጭቃውን በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋዋል፤ በማግስቱ አስፋልቱ ይሰምጣል። በግንቦት አንድ ሰው በአካፋ ቦዩን ቢጠርገው ይድን የነበረ መንገድ በነሐሴ መኪና የሚውጥ ይሆናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ከ1951 እስከ 1953 ዓ.ም. በአሜሪካ የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳረጋገጠው፣ በአንድ የመኪና አክስል ላይ የሚያርፈው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በመሆኑም ከልክ በላይ የተጫነን አንድ ተሳቢ ዐይቶ እንዳላየ ማሳለፍ የብዙ ሺህ ሰዎችን ገንዘብ መበተን ነው። የክብደት ሕጉ አለ፤ የጎደለው የሚያስከብረው ነው።

አራተኛው፣ ብዙ የማይነገርለት፣ የበጀቱ ወቅት ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ገንዘቡ የሚፈቀደው ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ጨረታው ተጓትቶ በጋው በደብዳቤ ልውውጥ ሲያልቅ፣ በግንቦትና በሰኔ «በጀቱ ሳይመለስ» ተብሎ ሩጫ ይጀመራል። ጉድጓዱ ሳይጠረግና ጠርዙ ሳይቆረጥ አፈርና ሬንጅ ይደፋበታል፤ ሮለሩ አንዴ ደርሶበት ይመለሳል። በመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ያ ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

በአግባቡ የተደረገ ጥገና ምን እንደሚመስል ማንም ዜጋ አውቆ ሊቆጣጠረው ይችላል። የተበላሸው ክፍል እስከ ጤነኛው ድረስ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይወጣል፤ ውሃውና አቧራው ይጠረጋል፤ ከሥር ጠጠሩ በደረጃ በደረጃ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ጎንና ጎኑ በሬንጅ ይቀባል፤ ከዚያ አስፋልቱ ይለብስና ከነባሩ ጋር እኩል እስኪሆን ይደመደማል። ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ አፈር ሲደፋ ካያችሁ፣ ያ ጥገና ሳይሆን ገንዘባችሁ እየተቀበረ መሆኑን ዕወቁ።

4. ሰባራ ድልድይ የሚያስተምረን

ለሞጣ ሰው ስለ ጥገና ትርጉም ከሰባራ ድልድይ የተሻለ መምህር የለም። በአፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምንና ጎንደርን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲያገናኝ ኖሮ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንት መንግሥት ሄደ! ሕዝቡ ግን ከ60 ዓመት በላይ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። ገበያተኛውም፣ በሽተኛውም፣ ለቅሶ ደራሹም በዚያው ገመድ ላይ ነፍሱን ሰቅሎ ተሻገረ።

በመጨረሻ ክፍተቱን የዘጋው ማን ነው? በ1994 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጉልበት ጋር ሆኖ በብረት አገናኘው። የድርጅቱ መሥራች ነገሩን ያወቀው በአንድ መጽሔት ላይ በገመድ የሚሻገሩትን ሰዎች ፎቶግራፍ አይቶ ነበር። በሩቅ አገር ያለ ሰው በፎቶግራፍ ያየውን፣ በቅርብ ያሉት መንግሥታት በዓይናቸው ሳያዩት መኖራቸው ያሳፍራል። ለረዱን እጅ እንነሣለን፤ የእኛን ሥራ እስከ መቼ ሌላ ይሠራልን የሚለውን ግን ልንጠይቅ ይገባል።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ1997 ዓ.ም. የዓባይ ሙላት የተጠገነውን ድልድይ ወሰደው። ሠሪዎቹ ተመልሰው መጥተው በ2001 ዓ.ም. በገመድ የተንጠለጠለ፣ ከውሃው ከፍ ያለ አዲስ የእግር ድልድይ ሠሩ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የውሃውን ልክ ያላገናዘበ ጥገና ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ ሠሪው የሠራው ሲፈርስ ተመልሶ መምጣት አለበት። የእኛ መንገዶች ያጡት በተለይ ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ጠግኖ የሄደ ተመልሶ የሠራውን አያይም፤ ወይ ተጠርቶ አይጠየቅም።

5. ተጠያቂው ማን ነው?

አንድ የቢቸና ነዋሪ ደጁ ላይ ስላለው ጉድጓድ አቤት ሊል ይነሣ እንበል። ዋናው መንገድ ከሆነ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው ይባላል። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኝ ከሆነ ክልሉ ነው። ወደ ቀበሌ የሚገባ ከሆነ ወረዳው ነው። የከተማ ውስጥ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲሄድ «በከተማው ቢያልፍም የፌዴራል ነው» ይባላል፤ የፌዴራሉ ደግሞ ሩቅ ነው። አሠሪው ሥራ ተቋራጩን፣ ተቋራጩ አማካሪ መሐንዲሱን፣ መሐንዲሱ በጀቱን እያሳየ፣ አቤት ባዩ ደክሞት ይመለሳል። ለሁሉም የተሰጠ ኃላፊነት የማንም አይደለም።

ለሚገባው ምስጋና አንነፍግም። በ1989 ዓ.ም. መጨረሻ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የቀበሌ መንገዶችን ጨምሮ ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ መድረሱ ተመዝግቧል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም ብዙ ቀበሌዎችን ከመንገድ አገናኝቷል። ነገር ግን ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ መንገድ ነው እንጂ ለተጠረገ ቦይ አይደለም። ካሜራ የሚመጣው ሲመረቅ ነው፤ ሲሸረሸር የሚመጣ የለም። ከኢሕአዴግ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የተሠራው በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ የተጠበቀው ግን አይቆጠርም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ የአፍሪካ አገሮች በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለጥገና ቢያወጡ ኖሮ፣ የፈረሰውን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገውን 45 ቢሊዮን ዶላር ያድኑ እንደ ነበር አስልቷል። አንድ ብር ነፍገን አራት ብር ገደማ እናጣለን ማለት ነው። ያውም አብዛኛውን በብድር!

6. ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ፓርቲያችን ከመራጩ ሕዝብ ይሁንታ ካገኘ የሚከተሉትን በሕግና በአሠራር ለማስፈጸም ቃል ይገባል፦

ሀ. ማንኛውም የጥገና ሥራ በሚካሄድበት ቦታ የሥራ ተቋራጩ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚያልቅበት ቀንና የዋስትናው ጊዜ በአማርኛ በግልጽ የተጻፈበት ሰሌዳ እንዲቆም እናደርጋለን።

ለ. ውሉ በሚመለከተው ከተማና ቀበሌ በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በወረቀት ላይ ያለውን መብት ወደ ገበያው አደባባይ ማምጣት ነው የቀረው።

ሐ. ለተቋራጩ ከሚከፈለው ላይ የሚያዘው የመያዣ ገንዘብ፣ ጥገናው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበት ካልታየ እንዳይለቀቅ እናደርጋለን። ክረምት ያልፈተነው ጥገና ተጠናቀቀ አይባልም።

መ. የጥገና ጨረታ በክረምቱ ተጠናቆ ሥራው በጥቅምት እንዲጀመር፣ ቦይና ቱቦ የመጥረግ ሥራም በየዓመቱ ከግንቦት ሳያልፍ እንዲያልቅ የበጀቱን አወጣጥ እናስተካክላለን።

ሠ. በመንገዱ ዳር ከሚኖሩ ገበሬዎች፣ ወጣቶችና ሴቶች የተውጣጡ የመንገድ ጠባቂ ቡድኖች እናደራጃለን። እያንዳንዱ ቡድን የተወሰነ ኪሎ ሜትር ተረክቦ ቦይ ይጠርጋል፣ ስንጥቅ ሲያይ ያስታውቃል። ሥራው በደመወዝ ነው! «ልማት ነው» እየተባለ ገበሬውን በነጻ ማሠራት በእኛ ዘንድ ቦታ የለውም።

ረ. የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛኖች ያለ አድልዎ እንዲሠሩ፣ የባለሥልጣንም ይሁን የባለሀብት መኪና እኩል እንዲመዘን እናደርጋለን።

ሰ. በየወረዳው አንድ የአቤቱታ መስኮት ይከፈታል። መንገዱ የፌዴራል ይሁን የክልል አቤት ባዩን አይመለከተውም፤ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈልጎ የማግኘት ግዴታ የመስኮቱ ነው።

7. ቃል የማንገባው

ወገኖቻችን! የምርጫ ሰሞን ተስፋ ብዙ ሰምታችኋል። እኛ በአንድ ዓመት ሁሉም ጉድጓድ ይደፈናል አንልም። ወደ እያንዳንዱ ጎጥ አስፋልት እናስገባለንም አንልም። እንዲያውም፣ ያለው መንገድ ሳይጠበቅ አዲስ መንገድ ለመጀመር የሚመጣን ማንኛውንም ሐሳብ፣ የእኛው ፓርቲ ያቀረበው ቢሆን እንኳ፣ እንቃወማለን።

ሌላም ግልጽ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭቱ ከተቀሰቀሰና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የሚዘጋው በጉድጓድ ብቻ አይደለም። ባለሙያና ማሽን በሰላም ሊንቀሳቀሱ በማይችሉበት ቦታ የትኛውም ማኒፌስቶ ጉድጓድ አይደፍንም። ስለዚህ የመጀመሪያው የመንገድ ጥገና ሰላም ነው። ፓርቲያችን ችግሩ በድርድርና በውይይት እንዲፈታ አጥብቆ ይታገላል። እስከዚያውም ድረስ ከየትኛውም ወገን ይሁን መንገድ የጦርነት መሣሪያ እንዳይሆን፣ አምቡላንስ፣ መድኃኒትና እህል እንዳይታገድ እንጠይቃለን። ሰላም እስኪመጣ ግን የሚጠበቅ ብዙ ነገር የለም፦ ውልን በይፋ ማንበብ፣ የመያዣ ገንዘብን አለመልቀቅ፣ አቤቱታ መቀበል ሰላም የሚጠይቁ ሳይሆኑ ፈቃደኝነት የሚጠይቁ ናቸው።

የተከበራችሁ መራጮች፤

ቢቸናም ሞጣም የማንም ችሮታ ጠባቂ ሆነው አያውቁም። እነ በላይ ዘለቀን ያፈራ አገር አምስት ዓመት ሙሉ ወራሪን ሲታገል ማንም አልከፈለውም። ዛሬ ግን ከፍላችኋል። በነዳጁ ከፍላችኋል፣ በታሪፉ ከፍላችኋል፣ በግብሩ ከፍላችኋል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ የምትጠይቁበት አንድ ቀን የምርጫው ቀን ነው።

በዚያ ቀን ማንንም ስትመርጡ፣ እኛንም ቢሆን፣ ሦስት ጥያቄ አስቀድሙ፦ ገንዘቡ ስንት ነው? ማን ተረከበው? ከክረምት በኋላ ማን ተመልሶ ያየዋል? እነዚህን በግልጽ ለመመለስ የሚፈራ እጩ ድምፃችሁ አይገባውም።

መንገዱ የእናንተ ነው፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ድምፁም የእናንተ ነው!

ሰላምና ፍትሕ ለሕዝባችን!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!